የእድራችን ታንከር

የአውሮፕላን አባዜ የተጠናወተኝ ከቆሎ መጠቅለያ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከአባቱ ወይም ከአጎቱ ይወርሳል፤ በእኛ ዘር ግን አውሮፕላን ላይ የወጣ ቀርቶ መሰላል ላይ የቆመም የለም። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከአጥራችን ሥር ከምትቀመጥ ሴትዮ ቆሎ ገዛሁና ቆሎው ሲያልቅ መጠቅለያውን ዘረጋሁት። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ወረቀት ሳያነብ አይጥልም፤ የሙያ በሽታ ነው። ወረቀቱ ላይ የጄት ክንፍ ሆድ ዕቃው ተዘርግቶ ተሥሏል፤ ክንፉ ላይ ያለች እያንዳንዷ ብሎን ቁጥር አላት። እኛ ቤት የአንድ ሠራተኛ ፋይል ሦስት ቀን ተፈልጎ በማይገኝበት ዘመን፣ አንድ የማላውቀው ሰው ለብሎን ቁጥር ሰጥቶ፣ ቁጥሯን መዝግቦ፣ የት እንደምትገባ በቀስት አሳይቷል። ቅናት ያዘኝ።

ተመልሼ ሄጄ የቀረውን ወረቀት ስጪኝ ብላት ሴትዮዋ፣ "ኧረ ባክሽ! ቆሎውን በምን ልጠቅልለው፣ በነጠላዬ?" ብላ ተቆጣች። ከቢሮ አንድ ክንድ የሚሆን አሮጌ ሰርኩላር አምጥቼ ለወጥኳት። ይህ የመንግሥት ንብረት ማባከን ነው የሚል ካለ፣ እነዚያ ሰርኩላሮች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አገልግሎት የሰጡት ያን ሳምንት መሆኑን ይወቅልኝ። እኔም በለውጡ የአንድ የጦር ጄት የጥገና መጽሐፍ ሁለት ሦስተኛውን አገኘሁ። የቀረውን ሲሶ የካዛንቺስ ሰው ቆሎ ሲበላበት ከርሟል።

ከዚያ ወዲያ ያለው የታወቀ ነው። እኩዮቼ ሲያገቡና ሲወልዱ እኔ የአሮጌ ጦር አውሮፕላን ቁጥር እለቅም ጀመር። ቂርቆስ ከእናቴ ጋር በምኖርባት የቀበሌ ቤት፣ አልጋዬ ሥር የፍጥነት መለኪያ፣ የተሰነጠቀ የመብራት ሽፋን፣ የአብራሪ ወንበር ቀበቶ ተከማቸ። አብዛኛውን ያገኘሁት ከቆራሌው ነው። የአገሩን ሰማይ የጠበቁ አውሮፕላኖች በጠላት ጥይት ያለቁ የሚመስለው የዋህ ሰው ካለ ይታረም፤ የጨረሳቸው ድስት ነው። አልሙኒየማቸው ቀልጦ ድስት ሆኖ በየቤቱ ሽሮ ይንተከተክበታል። እናቴ "ሰው ባል ያመጣል፣ አንቺ ብረት ታመጫለሽ" ትለኝ ነበር። ጎረቤቱም "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለው ተረት ትዝ የሚለው እኔን ሲያይ ብቻ ነበር።

ደብተሬ ሦስት ዓምድ ነበረው፤ "አየሁ"፣ "ሰማሁ" እና "ይባላል"። "አየሁ" በሚለው ሥር በዓይኔ ያላየሁት ወይም በእጄ ያልነካሁት ነገር አይገባም። "ይባላል" የሚለው ዓምድ በሁለት ወር ሞላ። መስቀል ፍላወር አካባቢ ቢራ የጨበጠ ወንድ ሁሉ አጎቱ አብራሪ ነበር፤ አጎት ሁሉ ደግሞ አንድ ጊዜ በድልድይ ሥር ሾልኮ አልፏል። "የአውሮፕላኑ ቁጥር ስንት ነበር?" ስላቸው ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል፤ እኔም በዚህ እኮራ ነበር። ያላየሁትን አየሁ አልልም የሚል ሰው፣ በተለይ ገና ያልተፈተነ ከሆነ፣ ለጎረቤት የማይመች ትዕቢተኛ ነው። እኔ እንደዚያ ነበርኩ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በእናቴ ምድጃ ምክንያት ነው። ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ መሀል፣ የላምባ ምድጃ የሚጠግኑ አንድ ቀጭን ሽማግሌ አሉ ተብዬ ወሰድኩላቸው። በጥገናቸው የተመሰገኑ፣ በመዘግየታቸው የተረገሙ ሰው ነበሩ። ምድጃውን ሠርተው ሲጨርሱ ላምባ ሞልተው ጋዜጣ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀኑን ሙሉም አይሰጡም። ሊመሽ ሲል ጋዜጣው ላይ የጠብታ ምልክት ከሌለ ካርድ አንጠልጥለው፣ ቀን ጽፈው፣ ፈርመው ያስረክባሉ። ለምድጃ! ሴቱ ሁሉ "እኚህ ሰውዬ ምድጃ ነው የሚጠግኑት ወይስ ውል ያዋውላሉ?" እያለ ያማቸዋል፤ እኔም አብሬ አምቻለሁ። ምድጃውን ልወስድ ስጎነበስ ግን ሌላ ነገር አየሁ። ሁለቱ ብሎኖች እንዳይላሉ በቀጭን ሽቦ ተጠምዝዘው እርስ በርስ ታስረዋል። ይህን አስተሳሰር ከቆሎ መጠቅለያዬ ላይ አውቀዋለሁ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጄት ነክተዋል" አልኳቸው።

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። "ማን ነገረሽ?"

"ሽቦው።"

"ጄትም ምድጃም በላምባ ነው የሚሠራው" አሉ። "ልዩነቱ ጩኸቱ ነው። በይ ተቀመጪ።"

በጃንሆይ ዘመን የጦር ጄት መካኒክ ነበሩ፤ አሜሪካ ሠራሽ፣ ኤፍ ሰማንያ ስድስት የሚባለው፣ የእኔው መጽሐፍ ላይ ያለው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ ከመጽሐፌ የጎደለውን ሲሶ ከአፋቸው እጽፍ ጀመር። ከመስቀል ፍላወር አጎቶች የሚለዩት "እሱን አላስታውስም" ማለት በመቻላቸው ነው። ስዕሌ ላይ አንድ ቱቦ አገላብጬ ከሣልኩ፣ "እንዲህ አድርገሽ ከገጠምሽው አብራሪው ከሰማይ ቤት ደብዳቤ ይጽፍልሻል" ይሉኛል። አንድ ነገር ግን በደንብ ያስታውሳሉ፤ እሱን ለመናገር ዓመት ፈጀባቸው።

ጄቱ ሩቅ ሲሄድ በየክንፉ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ይንጠለጠልለታል። አንድ ቀን የግራውን ታንክ ስፌት ጋሼ ጠግነው፣ ፈትሸው፣ ፈርመው ሰቀሉ። ጄቱ መንገድ ላይ ነዳጅ አለቀበትና አብራሪው ሜዳ ላይ አሳረፈው። ሰው አልሞተም። አጣሪዎች ከቀናት በኋላ ሄደው ሲያዩ ግን የግራው ታንክ ባዶ ነው፤ "አፍስሷል" ተባለ። ጋሼ እንደሚሉት ታንኩ አላፈሰሰም፤ አብራሪው ወደ ግራው ታንክ የሚቀይረውን ማብሪያ ረስቶታል፤ ነዳጁን ደግሞ አጣሪዎቹ እስኪደርሱ ድረስ ጄቱን ሲጠብቁ የሰነበቱት ሰዎች ለኩራዝ ቀድተውታል። ታንኩን ውሃ ሞልቶ ማየት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ማንም አልሞላውም። ወረቀት ላይ "ያፈሳል" ተብሎ ተጽፏላ፤ ወረቀት ከተናገረ ታንክ ምን ያውቃል? ታንኩ ተወገደ፤ ጋሼም ከአውሮፕላን ሥራ ተነሥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተላኩ።

"ቅጣቱስ ቅጣት ነው" አሉኝ። "አብራሪው ግን ወዳጄ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳኝ። ልገድለው የነበርኩ እንደመሰለው ሞተ።"

የታንኩን ቁጥር ትንሽ ደብተር ላይ ጽፈው ያን ሁሉ ዓመት ይዘውት ኖረዋል። "ያን ታንክ አንድ ቀን ውሃ ሞልቼ ጋዜጣ ላይ ባስቀምጠው…" ብለው ሳይጨርሱት ተዉት። የምድጃው ጋዜጣና ካርድ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ያማሁት ሁሉ አሳፈረኝ።

ታንኩን ላገኝላቸው ቆርጬ ተነሣሁ። እኔ የተባልኩት ተመራማሪ ሰንጋ ተራ ድረስ የቆራሌ ክምር ስበረብር ከረምኩ። አንድ ግቢ አጥር ሥር ቆሜ ሣር የዋጠው አሮጌ አውሮፕላን ስመለከት ዘበኛ ይዞኝ ግማሽ ቀን "ማን ላከሽ?" ተብያለሁ። ሞተሩ ውስጥ እርግብ ጎጆ የሠራችበት አውሮፕላን ምሥጢር ቢኖረው እርግቧ ቀድማ ታወጣው ነበር። ታንኩ ግን ከቤታችን መቶ እርምጃ አይርቅም ነበር፤ የተቀመጠው የሰፈራችን እድር ዕቃ ቤት ውስጥ ነው።

እድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስትና አንድ የውሃ ታንከር አለው። ታንከሩ ረጅም፣ ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ በብረት እግር ላይ የተቀመጠ፣ ከሥሩ ቧንቧ የተበጀለት ነው። በደርግ መጀመሪያ ላይ ከጨረታ የተገዛ ነው ይባላል። ታላላቆቻችን በመጀመሪያው ዓመት ውሃው ላምባ ላምባ ይል ስለነበር ለቀስተኛው ከሐዘን ይልቅ በሆድ ቁርጠት ያለቅስ ነበር ይላሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዚያ ታንከር ጠጥቻለሁ፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ፊቴን የታጠብኩት በእሱ ውሃ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ብሎን ስለቅም የጄት ታንክ ጎረቤቴ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል።

የታየኝ የአንዲት ጎረቤት ለቅሶ ላይ ነው። ጆግ ይዤ ልቀዳ ስጎነበስ ከቧንቧው አጠገብ ቀለሙ ተልጦ፣ ከሥሩ ጥቁር የእንግሊዝኛ ፊደልና ሁለት አኃዝ ብቅ ብለዋል። የጋሼ ቁጥር የሚጀምረው በእነዚያ ሁለት አኃዞች ነው። ታንከሩን አቅፌ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ሴቶቹ "አይዞሽ፣ አይዞሽ፤ ምን ያህል ትወዳት ኖሯል!" እያሉ ደግፈው አነሱኝ። ሟቿን ግፋ ቢል ሁለት ጊዜ ነው ያነጋገርኳት፤ ሁለቱንም ጊዜ በቆሻሻ መድፊያ ተጣልተን ነው።

ጋሼ የሚኖሩት ቡልጋሪያ ስለሆነ እድራቸው ሌላ ነው፤ የእኛን ታንከር የሚያዩበት አጋጣሚ አልነበራቸውም። ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ቁጥሩ አልጠየቁኝም።

"ያፈሳል?" አሉ።

"ኧረ ጋሼ! ከሃያ ዓመት በላይ ሲያገለግል ጠብ ብሎበት አያውቅም።"

የያዙትን ምድጃ አስቀምጠው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። "ሁለት አኃዝ ምስክር አይሆንም" አሉ በመጨረሻ። "ሙሉ ቁጥሩ መታየት አለበት። የላዩ ቀለም በሳሙናና በጨርቅ፣ ቀስ እየተባለ፣ እንደ ሕፃን ገላ ነው መታጠብ ያለበት። ሻካራ ነገር የነካው እንደሆነ በቃ፣ አለቀ።"

የእድር ንብረት ግን እንዲሁ አይነካም፤ ጠቅላላ ጉባኤ ያስፈልጋል። ማመልከቻ በቁጥርና በቀን ጻፍኩ፤ ግልባጭ ለጸሐፊው፣ ግልባጭ ለዕቃ ቤት ኃላፊው። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ተሰበሰብንና ስለ አሮጌ ጦር አውሮፕላኖች ቅርስነት ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ስለ ጋሼ ግን አልተናገርኩም፤ የእሳቸው ጉዳይ በስብሰባ የሚወራ አልመሰለኝም። ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ። አንድ አባት "ቦምብ ከሆነስ?" አሉ። ቦምብ ቢሆን ኖሮ ቧንቧ የገጠመለት ሰውዬ ዛሬ እዚህ ተቀምጦ ባላንቀላፋ ነበር አልኩ። ሌላው "ለፈረንጅ ልትሸጠው ነው፤ በቃ፣ ነገሩ ገብቶኛል" አሉ። አንዲት እናት ደግሞ "እኔ ነገ ብሞት ለቀስተኛዬ በምን ሊጠጣ ነው?" ብለው፣ ለመሞት ቀጠሮ የያዙ ይመስል፣ መልስ ካልተሰጠኝ አልቀመጥም አሉ።

ያዳኑኝ ሊቀመንበሩ ናቸው። ቡልጋሪያ የቀለምና የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው፣ ሰርጉም ለቅሶውም ያለ እሳቸው የማይሆን ደግ ነጋዴ ነበሩ። "እስቲ ስሙኝማ!" ብለው ተነሡ። "ይቺ ልጅ የምትለው እኮ ቅርስ ነው! ማለቴ፣ እኛ እጃችንን ስንታጠብበት የኖርነው የአገር ታሪክ ነው! ለሦስት ወር ይሰጣት፤ ለለቅሶው ፕላስቲክ ይገዛ። ግን እንዲሁ አንሰጥም፤ በክብር ነው የምናስረክባት። ሁለት ሳምንት ብቻ ስጡን።" ጉባኤው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኩም፤ የብሎን ቁጥር የማጣራዋ ሴትዮ።

በቀጠሮው እሑድ ጋሼ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ትንሿን ደብተር ደረት ኪሳቸው ከተው መጡ። ሳሙናና የተቀደደ የሕፃን አንሶላ በፌስታል ይዘዋል። ጨርቁ ለስላሳ እንዲሆን ሁለት ጊዜ እንዳጠቡት ነገሩኝ። የእድሩ ድንኳን ተተክሎ ለስላሳ መጠጥ ቀርቧል። ታንከሩ መሀል ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ ቆሟል። ሊቀመንበሩ ስለ ታሪክና ስለ ትውልድ ረጅም ንግግር አደረጉና አንሶላውን ገፈፉት።

አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሰፋፊ መደብ፣ የሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም። ጎኑ ላይ የእድሩ ስም፣ ከሥሩ በትልቁ "ቅርስ" ተብሎ ተጽፏል። ሹል አፍንጫው ላይ የወይራ ቅጠል የያዘች እርግብ ተሥላለች፤ ለጦር ጄት ታንክ እንግዲህ ከዚህ የበለጠ ምን ይምጣ። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሊቀመንበሩ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞልቶ ወደ እኔ መጡ። "ቀለሙ ከሱቄ ነው፣ አንደኛ ደረጃ! ልጄ፣ ምን ያህል ቆሻሻ እንደነበረበት ብታዪ! ቀለም በቀለም ላይ፣ ከሥሩ ደግሞ የማይረባ ቁጥርና ጽሑፍ። ሁለት ሠራተኛ ቀጥሬ ሦስት ቀን ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት አስፍቄ፣ ብረቱ እንደ መስታወት እስኪያበራ አስጠርጌልሻለሁ። ቅርስ ቆሽሾ አይሰጥማ!"

በእኛ ወግ የጎረቤት ሳህን እንኳ ሳይታጠብ አይመለስም፤ ባዶውንም አይመለስም። ታንከሩም ታጥቦ፣ ተኩሎ፣ እርግብ ተጨምሮበት ነው የተሰጠኝ። ማንም ሊጎዳኝ አልፈለገም። ሰው ከሱቁ አውጥቶ፣ ጊዜውን ሰጥቶ፣ እኔን አክብሮ ነው ብቸኛውን ምስክር ያጠፋው። ቅርስ ነው እያልኩ ሃያ ደቂቃ ባልለፈልፍ ኖሮ ማንም አይነካውም ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ማን ነካው? ልጮህ አፌን ከፈትኩና "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩ። ዞር ስል ጋሼ ፌስታላቸውን ወንበር ሥር አስገብተው እያጨበጨቡ ነው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ፣ "ታጥቦ፣ ተቀብቶ ተሰጠሽ፤ ምን ያስለቅስሻል?" አለችኝ። በማግስቱ የፋቁትን ሠራተኞች አፈላልጌ ቁጥሩን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኩ። አንደኛው ግንባሩን አሽቶ፣ አሽቶ፣ "ቁጥርማ ነበረ፤ ብዙ ነበር" አለኝ። ለእሱ ምስክርነት የሚሆን ዓምድ ደብተሬ ላይ አልነበረም።

ታንከሩን በፒክአፕ ጭነን ወደ ጋሼ ግቢ ወሰድነው። እሳቸው አንድም የወቀሳ ቃል ሳይናገሩ ቅዳሜ ጠዋት እንድመጣ ብቻ ነገሩኝ። ስደርስ ጋዜጣ ከሥሩ አንጥፈው፣ ጎማ ስበው፣ ታንከሩን ውሃ ሞልተውት አገኘኋቸው። በርጩማ አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ፤ ለእኔም ሰጡኝ። ምድጃ ሊያሠሩ የሚመጡትን ሴቶች "ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ" እያሉ መለሷቸው። ሴቶቹ ባንዲራ የተቀባ ታንከር ሥር የተነጠፈ ጋዜጣ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች አይተው፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። አሥር ሰዓት ላይ ጋሼ ተነሥተው ጋዜጣውን አንድ በአንድ አነሱት፤ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን ይዘው አዩት። ደረቅ ነው።

"አላፈሰሰም!" አልኩ።

"ይሄኛው አላፈሰሰም" አሉ። "የእኔው መሆኑን በምን ላውቅ?"

ቁጭ ብለው ካሰቡ በኋላ ውሃውን አስለቀቁና ከላይ ያለውን ክዳን ፈቱ። ስፌቱን ያን ጊዜ የጠገኑት ከውስጥ በኩል ነበር። እጅ እስከ ትከሻ ገብቶ በግራ በኩል ሲዳብስ ሦስት ሪቬቶች፣ ማለትም ቆርቆሮን ከቆርቆሮ ጋር የሚያያይዙ ምስማሮች፣ መኖር አለባቸው። ውስጡን ብርጭቆ ወረቀት አልደረሰበትም። የእሳቸው ጣቶች ግን በሪህ አብጠው በቀዳዳው አልገባ አሉ። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቆዳቸው ተላጠ።

"አንቺ ቀጭን ነሽ" አሉኝ።

እጅጌዬን ሰብስቤ እጄን እስከ ትከሻዬ ከተትኩ። የውስጡን ግድግዳ ነካሁ። የሃያ ዓመት ውሃ ያጋገረው ኖራ ነው፤ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ሻካራና ወፍራም። ወደ ግራ ዳበስኩ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ በጥፍሬ ፋቅኩ። ምንም የለም። ቢኖርም ከኖራው ሥር ነው፤ ጣት አያገኘውም። ጉንጬ እርግቧ ላይ ተለጥፏል፤ ጋሼ ከማዶ ቆመው ፊቴን ያነባሉ።

"አሉ?"

ሥራዬ መዝገብ ነው። ያልነካሁትን ነካሁ ብዬ አላውቅም፤ ስንቱን አጎት በዚህ አሳፍሬያለሁ።

"አሉ ጋሼ" አልኩ። "ሦስት ናቸው።"

እሱ ላይ የሚያቆሙ መስሎኝ ነበር። "ሦስተኛው እንዴት ነው?" አሉ።

ስለ ሦስተኛው ምንም ነግረውኝ አያውቁም። "ከሁለቱ ትንሽ ዝቅ ብሏል" አልኩ።

ጋሼ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩኝ። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡና "አዎ" አሉ። "ያን ጠዋት ብርድ ነበር። እጄ ተንቀጥቅጦ ነው።" እንባቸው በመነጽራቸው ሥር ወረደ፤ አልጠረጉትም። ገምቼ ገጥሞልኝ ይሁን፣ ወይስ ውሸቴን እያዩ ተቀብለውኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። መጠየቅ እችል ነበር። አልጠየቅኩም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። ጋሼ ከምድጃዎቹ ካርዶች አንዱን አንሥተው "ተፈትሿል፤ አያፈስም" ብለው ጻፉ፤ ቀን አደረጉበት፣ ፈረሙ፣ በቀጭን ሽቦ ጠምዝዘው ቧንቧው ላይ አሰሩት።

ሦስት ወሩ ሳያልቅ ታንከሩ ወደ እድሩ ተመለሰ፤ አዲሱ ፕላስቲክ በሁለተኛው ለቅሶ ተሰንጥቆ ነበርና። ለታንከሩ ያሰብኩለት የክብር ቦታ፣ መስታወትና መግለጫ ጽሑፍ በዚሁ ቀረ። እንዲያውም ሳስበው፣ እኔ ካየኋቸው አሮጌ የጦር አውሮፕላን ዕቃዎች ሁሉ በደንብ ተጠብቆ የቆየው እድሩ እጅ የነበረው ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀባል፤ እርግቧ በየጊዜው ትወፍራለች።

ጋሼ ከዓመታት በኋላ አረፉ። የእሳቸው እድር ውሃ መያዣ አላነሰውም፤ ሊቀመንበራችን ግን የእኛ ታንከር እንዲሄድ አዘዙ። የጋሼን የቀድሞ ሙያ በዚያን ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩ። እሳቸውም አርጅተው በዘንግ ነው የሚሄዱት።

"ልጄ፣ ይሄ ታንከር እሳቸው የሰቀሉት ነው የሚባለው እውነት ነው? ማለቴ፣ አንቺ ያረጋገጥሽው ነው?"

ሰው ሁሉ አየኝ። "አረጋግጫለሁ" አልኩ፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። የመስቀል ፍላወር አጎቶች እንዴት እንደሚዋሹ የገባኝ ያኔ ነው።

ጠዋት ማንም ሳያየኝ ታንከሩ ሥር ጋዜጣ አንጥፌ ነበር። ለቀስተኛው ቀኑን ሙሉ ሲቀዳና ሲታጠብ ዋለ፤ ሁለት ጊዜ ተሞላ። አሥር ሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ ከታንከሩ ሆድ ሥር ያለውን ገጽ ሳብኩና ወደ ብርሃን ይዤ አየሁት። ደረቅ ነው። ደብተሬን አውጥቼ "አየሁ" በሚለው ዓምድ ሥር "አያፈስም" ብዬ ጻፍኩ። የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተውኩት።